የት፣ መቼ፣ በማን? በወሎ የምክክር ወርክሾፕ ለሚያዘጋጅ ሰው የምርጫ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ወሎ አንድ ወርክሾፕ ላይ ነበርኩ። ጉዳዩ ከብት እንዳይገባበት ሊከለል የታሰበ ተራራ ነው። አዳራሹ ጥሩ ነበር። ፕሮጀክተር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሃያ ስምንት ሰው መጥቷል። ከነዚህ ውስጥ አምስቱ ሴቶች ናቸው። አምስቱም የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ ማን ማን እንደተናገረ ቆጠርኩ። ሰባት ሰው። ሰባቱም ደሞዝተኛ።

ምሳ ላይ ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። "ተራራው ቢከለል እርስዎን ምን ይነካዎታል?" አልኳቸው። "ማገዶዬን ከዚያ ነው የማመጣው እኮ" አሉኝ። ጠዋቱን ሙሉ ስለ አፈር መሸርሸር ተወርቷል፣ ስለ ችግኝ ተወርቷል፣ ስለ ልቅ ግጦሽ ተወርቷል። ማገዶ የሚለውን ቃል ያነሳ አንድም ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ተጨበጨበ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ተራራው ተከለለ። በሁለተኛው ወር አጥሩ ተጥሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምክክር በማዘጋጅበት ጊዜ ሁሉ እያንዳንዱን ምርጫ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው። ከሩቁ ጎጥ የምትመጣዋ ሴት በዚህ ምርጫ መምጣት ትችላለች? ከመጣችስ ትናገራለች? ለወረዳው ኃላፊ የሚመች ቦታ ለእሷ ላይመች ይችላል። ለእሷ የተመቸ ግን ለኃላፊውም አይከብድም። እሱ መኪና አለው።

የሚከተለው በዚህ ሚዛን የተመዘነ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከደቡብ ወሎና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አካባቢ ናቸው። ለሌላውም የወሎ ክፍል ግን ብዙው ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ወርክሾፕ ነው የሚያስፈልጋችሁ?

ሁለት ጎጥ በውኃ ወይም በድንበር ተጣልተው ከሆነ ወርክሾፕ አትጥሩ። ሰው በተጣላበት ጉዳይ ላይ ማርከር ማደል ነገር ያባብሳል። ወሎ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። ሽማግሌ አለ፣ ቄስና ሼህ አሉ፣ አበጋር የሚባል ባህላዊ አስታራቂ ያለበት አካባቢም አለ። እርቁ በእነሱ በኩል ይለቅ። ምክክሩ ከእርቁ በኋላ ይመጣል።

ውሳኔው ቀድሞ ካለቀም እንዲሁ ነው። በጀቱ ተይዟል፣ ቦታው ተመርጧል፣ የቀረው ማሳወቅ ብቻ ነው? እንግዲያው ስብሰባ ጥሩና በግልጽ አሳውቁ። "አሳትፈናችኋል" አትበሉ። ሕዝቡ ልዩነቱን ያውቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩት ቀርቶ መልስ ይሰጣችኋል።

ገና ያልተወሰነ፣ የብዙ ሰው እውቀት የሚፈልግ፣ የብዙ ሰው እጅ ካልገባበት የማይሳካ ጉዳይ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ሆቴል፣ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ወይስ ዛፍ ጥላ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆቴል መያዝ ቀላል ነው። መብራት አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ደረሰኝ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ካለም ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለው። ግን ለገበሬ የሆቴል አዳራሽ የሰው ቤት ነው። ጫማውን ያያል፣ ምንጣፉን ያያል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለሴቷ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ከጎጧ ወጥታ፣ መኪና ተሳፍራ፣ አመሻሽ ላይ መመለስ የባል ፈቃድና የጎረቤት ወሬ ይጠይቃል። ሆቴልን የምመርጠው ተሳታፊዎቹ በሙሉ የቢሮ ሰዎች ሲሆኑ ብቻ ነው።

የቀበሌ አዳራሽ ቅርብ ነው፣ ነጻም ነው። ችግሩ ትዝታው ነው። ሰው እዚያ ለዓመታት የተቀመጠው መመሪያ ሊሰማ፣ መዋጮ ሊነገረው፣ የእርዳታ ስም ዝርዝር ሲነበብ ሊሰማ ነው። አፉ እዚያ ቤት ውስጥ የመናገር ልምድ የለውም።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥርና መስጊድ ግቢ ሰው ይሰበሰብባቸዋል። ለተደባለቀ ምክክር ግን አንዱ ወገን እንግዳ ይሆናል። ገዳምም ሲሆን የባሰ ነው። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባለ የወንዶች ገዳም ሴት አትገባም፤ በሐይቁ ጉዳይ ላይ እንኳ ብትመክሩ ግማሹን ሰው ከበር ትመልሳላችሁ ማለት ነው።

የኔ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ቅዳሜ ቀን ትምህርት ቤት። ለማንም የማይወግን ቦታ ነው፣ የሁሉም ልጅ የሚማርበት። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ፦ የልጆች ዴስክ ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም። አግዳሚ ወንበር ከቅሬው (ከቀብር እድሩ) ተዋሱ፣ ድንኳኑም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ግቢ ወይም ትልቅ ዛፍ ጥላ ነው። መሬት ላይ መሥራት ለሚጠይቅ ውይይት ከዚህ የተሻለ የለም። ዝናብ ካለ ብቻ መጠለያ ያዙ። በተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ካለ አንድ ቀን ቀድማችሁ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። ደረጃ፣ ቦይ፣ የሽንት ቤት በር ስፋት። የምትረዱት ስትራመዱበት ነው።

ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። እንግዳ ማስተናገጃ ነበር። አዘጋጅ ጓደኞቼን ቦታ ከመምረጣቸው በፊት ይህን ስም ሁልጊዜ አስታውሳቸዋለሁ። አይጠየፍ። የመረጣችሁት በር በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል?

ቀኑና ወሩ

ወሎ ውስጥ ቀን መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካሌንደሩ ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለት ዝናብና ብዙ ገበያ አለበት።

ከወሩ እንጀምር። ደጋው በልግ አብቃይ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የበልጉ ሥራ አለ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ አጨዳው ይመጣል። መኸር የሚያመርተው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ ነው። ጥር ሲገባ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ አለ፣ ሠርግም አለ። እንግዲህ ለሁሉም የሚመች ክፍት ወር የለም። እኔ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ እስከ ጥር አጋማሽ ያሉትን ሳምንቶች እመርጣለሁ፣ ገናንና ጥምቀትን አልፌ። ደጋና ቆላ በአንድ መድረክ ከሆኑ ግን በግምት አትሂዱ። ከየአካባቢው አንድ ገበሬ ጠይቁ።

ቀኑ ላይ ስንመጣ ዓርብ አይሆንም። ጁምዓ አለ፣ ለክርስቲያኑም ጾም ነው። ሰኞ ባቲና አካባቢዋ ገበያ ነው። ከአፋር በኩል ግመል ይዞ የሚወጣም፣ ከደጋ እህል ጭኖ የሚመጣም እዚያ ነው። ያን ቀን ማንንም አታገኙም። ሌላውም ከተማ የራሱ የገበያ ቀን አለው፤ ጠይቃችሁ እወቁ።

የክርስቲያን ገበሬ በዓላት፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ፣ ለአዘጋጅ ሁለት ስለት አላቸው። በእነዚህ ቀናት ብዙ ሰው ስለማያርስ ነጻ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጥሩ ተሳትፎ ታገኛላችሁ። ታቦቱ የሚነግሥበት ደብር አጠገብ ከሆናችሁ ግን ማንም አይመጣም። ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ያን ቀን እርሻው ላይ ነው። እኔ ስለዚህ በዓል ባልሆነ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ላይ እወስናለሁ።

ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። ያለፈው ዓመት እቅድ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ አትገልብጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ለሴቶች ይሻላል። ከዚያ በፊት ውኃ መቅዳትና ቤት ማሰናዳት አለ፣ ከዚያ በኋላ ከብቱና እራቱ ይመጣል። የዙህር ሶላት መሃል ላይ ይገባል፤ እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ "የሻይ እረፍት" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ "ሶላትና ቡና" ብላችሁ ጻፉት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ተቆጥሬያለሁ የሚል ስሜት ግን ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው የሚመጣው።

አንድ ሙሉ ቀን ወይስ ሁለት ግማሽ ቀን? በጀት ያዥ አንድ ቀን ይላችኋል። እኔ ሁለት ግማሽ ቀን ነው የምለው፣ በመሃል ሌሊት ይደርበት። ሌሊቱ ሥራ ይሠራል። ባል ከሚስቱ ጋር ይማከራል፣ የመጣው ላልመጣው ይነግረዋል፣ ቀን ያፈረ ሰው ማታ ቃሉን ያዘጋጃል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት "ትናንት ያልነው ነገር እንዴት አደረ?" ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያው ቀን ስምምነት ስንቱ ቦታ እንደተሸረሸረ እዚያ ታዩታላችሁ።

ደግሞ ለቅሶ አለ። ቀብር ካለ የቅሬ አባል መቅረት አይችልም፣ ይቀጣል። ስለዚህ ተለዋጭ ቀን ከመጀመሪያው ያዙ፣ ለተጠሩትም ሰዎች ንገሩ። ለቅሶ ያለበትን ቀን በግድ ያካሄደ አዘጋጅ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሰፈር በሩን አልከፈተለትም።

ሰውን በማን በኩል ትጠራላችሁ?

በቀበሌ በኩል ከጠራችሁ ዝርዝሩ በአንድ ቀን ይደርሳችኋል። ሞዴል አርሶ አደሮቹ፣ የኮሚቴ አባላቱ፣ ሁልጊዜ የሚጠሩት ሰዎች። አይናቁ፣ ብዙ ያውቃሉ። ግን እነሱ ብቻ ከሆኑ የተራራውን ታሪክ ከአንድ ወገን ነው የምትሰሙት።

ቅሬ የተሻለ ነው። በብዙ ቦታ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚቀባበርበት ስለሆነ ማንንም አይዘልም። ድሃውም፣ ስደተኛ ሆኖ የመጣውም፣ መሬት የሌለው ወጣትም ቤተሰቡ እዚያ ውስጥ ነው። ድክመቱ ቤተሰቡን ወክሎ የሚመጣው አባወራው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሴቶችን በሌላ በር ጥሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ቤት ታውቃለች። የዱበርቲዎቹ፣ የሙስሊም እናቶቹ፣ ዱዓ አለ፣ የማርያም ማኅበር አለ። እዚያ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ፣ ጉዳዩን አስረዱ፣ "ከመሃላችሁ ማን ቢመጣ ይሻላል?" በሏቸው። እነሱ የመረጧት ሴት ብቻዋን አትመጣም፤ የላኳት ሴቶች አሏት። ስትናገርም የእነሱን ቃል ነው የምትናገረው። አንዲት ሴት ከምትጠሩ ሦስት ጥሩ። ብቻዋን የተቀመጠች ዝም ትላለች።

መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ ከሰል አክሳዮች፣ በበጋ ከብት ይዘው የሚወጡ አርብቶ አደሮች በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሉም። ተራራውን በብዛት የሚጠቀሙት ደግሞ እነሱ ናቸው። እግራችሁን ሰብስባችሁ ሳይሆን ወጥታችሁ ፈልጓቸው።

ብዛቱ ከ35 አይለፍ። ከዚያ በላይ ከሆነ ምክክሩ ሰልፍ ይሆናል።

ማን ያወያይ

የልማት ሠራተኛው አገሩንም ሰውንም ያውቃል። ነገር ግን ማዳበሪያ ሲታደልም፣ ለሴፍቲኔት ሲመዘገብም እጁ አለበት። ፊቱ ላይ "አይሆንም" ማለት ለገበሬ ዋጋ አለው። ከወሎ ወይም ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ መምህር ዘዴውን ያውቃል፣ ወገንተኛ አይባልም፤ አንዳንዴ ግን ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ሽማግሌ ያወያይ ቢባል ክብሩ ሰውን ያስማማል፤ ግን በሽማግሌ ፊት ወጣቱና ሴቷ ቀድመው አይናገሩም።

ጥንድ አድርጉት። አንድ ከውጭ፣ አንድ ከአካባቢው፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ሽማግሌዎቹ ይክፈቱት፣ ይመርቁት። ቄሱም ሼሁም ይመርቁ፣ አንዱ "አሜን" ሌላው "አሚን" ይበል። ምርቃቱ ሲያልቅ ግን መድረኩ ለአወያዮቹ ይለቀቅ። ይህን ለሽማግሌዎቹ በዋዜማው ንገሯቸው፤ አክብራችሁ ከጠየቃችኋቸው እነሱ ራሳቸው ልጆቹን "ተናገሩ እንጂ" ይሏቸዋል።

በማን ቋንቋ

ከሚሴ፣ ባቲ፣ ከዚያም ወዲያ አማርኛ ብቻ አይበቃም። አፋን ኦሮሞ አለ፣ እንደ ቦታው አርጎብኛና አፋርኛ ይጨመራል። ወደ ዋግ ከሄዳችሁ ኽምጣንጋ አለ። "ሁሉም አማርኛ ይሰማል" የሚል መልስ ይሰጣችኋል። መስማትና መከራከር ይለያያሉ። ሰው የሚቆጣውም የሚያስበውም በእናቱ ቋንቋ ነው።

ከመድረክ ላይ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ማስተርጎም ይቻላል፣ ግን ጊዜውን እጥፍ ይበላል፣ ሰውም ይደክማል። እኔ የምመርጠው ቡድኖቹን በቋንቋ ከፍሎ ማወያየትና ድምዳሜውን ብቻ ማስተርጎም ነው። መስማት የተሳነው ተሳታፊ ካለ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ያዙ። የቤተሰብ አባል ይበቃል አትበሉ፤ የቤተሰብ አባል የራሱን ሐሳብ ይጨምርበታል።

ዘዴው፦ ከገለጻ እስከ አመድ ካርታ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል። ብዙ ገንዘብ ጠፍቶ ብዙ ዝምታ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው።

ገለጻና ጥያቄ የለመድነው ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያብራራል፣ ከዚያ "ጥያቄ ያለው?" ይባላል። መረጃ ለመስጠት ይሆናል፣ ከሃያ ደቂቃ ካልበለጠ። ለምክክር ግን አይሆንም። ጥያቄ የሚጠይቀው መጠየቅ የለመደው ነው።

ካርድና ፍሊፕ ቻርት ከዚያ ይሻላል። እያንዳንዱ ሐሳቡን ጽፎ ይለጥፋል፣ ስሙ አይታይም። የተማረ ቡድን ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ያልተማረ ሰው ካለ ግን ያው ጸሐፊው ይገዛዋል። ስድስት ሰው ባለበት ቡድን ማርከሩን የያዘው ሰው ሐሳብ ብቻ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ኦፕን ስፔስ የሚባል ዘዴ አለ። አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን በ1985 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። አጀንዳ የለም፣ ተሳታፊው ራሱ ርዕስ ያቀርባል፣ ሰውም ወደሚፈልገው ርዕስ ይሄዳል፣ ካልተመቸው ተነስቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ለዩኒቨርሲቲ፣ ለወጣት ማኅበራት፣ ለድርጅቶች ስብስብ ይሆናል። ሽማግሌ እየተናገረ ተነስቶ መሄድ ነውር በሆነበት ጎጥ ግን አይሠራም። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ወርልድ ካፌ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁዋኒታ ብራውንና ዴቪድ አይዛክስ ቤት ነው የተጀመረው። ሰው በትናንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ያወራል፣ ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ነው። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ለመጪዎቹ የተባለውን ይነግራል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቡናችን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እኛ ሦስት ዙሩን ከጥንት አለን። ስለዚህ ሦስት ጀበና አስፈልተን ሞከርነው። አቦል ላይ "ተራራው ድሮ ምን ነበር?"፣ ቶና ላይ "አሁን ማን ምን ያገኝበታል?"፣ በረካ ላይ "ምን ይሁን?" ጀበናዋን የያዘችው እናት ቡድኑን የምትቀበል ሆነች። የተባለውን የምትነግረው እሷ ናት። ሥራዋን ስለምታውቀው አላፈረችም። ማንበብ መጻፍም አላስፈለጋትም። ከተማም ገጠርም፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚቀላቀሉበት ምክክር ከሆነ እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

መሬትና ውኃ ላይ ከሆነ ግን ካርታውን መሬት ላይ አስሉ። ይህ ዘዴ ለወሎ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ለንደን ከሚገኝ የአካባቢና ልማት ተቋም ጋር ሆኖ በ1988 እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ ከገበሬ ማኅበራት ጋር በእንዲህ ያለ አሳታፊ ጥናት ላይ ሠርቷል። እንግሊዛዊውን የልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስን የመሳሰሉ ሰዎች ዘዴውን በዓለም ሲያስፋፉ የወሎው ሥራ ከቀደምቶቹ ጋር ይነሳል። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ዱላውን አስረክቡ። መሬት ላይ የምትስሉበትን ዱላ ለባለ አገሩ ስጡና ወደ ኋላ በሉ።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን የአንዱን ተራራ ካርታ ይሠራሉ። ወንዶቹ ድንበሩን በድንጋይ ደረደሩ፣ የእያንዳንዱን ሰው ማሳ ለዩ፣ መኪና መንገዱን አወጡ። ሴቶቹ ጋ ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት ጎንበስ ብላ ከምድጃ የመጣውን አመድ በእጇ ዘገነችና በጣቶቿ መሃል እያፈሰሰች ቀጭን መስመር ሳበች። ከጎጡ ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ገደሉ ሥር፣ ከገደሉ ወደ ቁጥቋጦው። "ይቺ መንገዳችን ናት" አለች። ሌላዋ ጠጠር አነሳችና መስመሩ ላይ አስቀመጠች። "እዚህ ጋ እናርፋለን"። ሦስተኛዋ ቅጠል አኖረች፣ ሬት የሚነቀልበት ነው። ወንዶቹ መጥተው ከላይ ቆመው አዩት። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ "ይህን መንገድ እኔ አላውቀውም" አሉ። ስልሳ ዓመት የኖሩበት ተራራ ነው። አጥሩ በታሰበው መስመር ቢሠራ ያን መንገድ ሦስት ቦታ ላይ ይቆርጠው ነበር።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ለየብቻ፣ በኋላ አንድ ላይ የምለው። ከመጀመሪያው የተደባለቀ ቡድን እኩልነት ይመስላል፣ ግን የአመዷ መስመር አትወጣም። እስከ መጨረሻው የተለየ ከሆነ ደግሞ ወንዶቹ አያዩአትም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ በቅደም ተከተል።

በኢንተርኔት ስለሚደረግ ስብሰባ ብዙ አልልም። ለዝግጅት ኮሚቴው ቴሌግራም ይበቃል። ለምክክሩ ግን ኔትወርክ ያለው ብቻ የሚናገርበት መድረክ ይሆናል።

ውሳኔው በምን ይታወቅ

እጅ ማውጣት ፈጣን ነው፣ እኔ ግን አልጠቀምበትም። ሰው መጀመሪያ የሊቀመንበሩን እጅ ያያል። በጭብጨባ ማጽደቅም ያው ነው። ተነጋግሮ መስማማት ከሁሉ ይበልጣል፣ ጊዜ ካላችሁ። ብዙ አማራጭ ሲኖር ግን ቅድሚያ ለመስጠት ጥራጥሬ ተጠቀሙ።

እንዲህ ነው። አማራጮቹን በዕቃ ወክሉ፦ ለሣር አጨዳ አንድ ጭብጥ ሣር፣ ለማገዶ እንጨት፣ ለንብ የቀፎ ስባሪ። በእያንዳንዱ ፊት አፉ ጠበብ ያለ ቅል አስቀምጡ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ፍሬ ስጡ። ለወንዶቹ አተር፣ ለሴቶቹ ባቄላ። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ይጥላሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ በሁሉም ፊት ገልብጣችሁ ቁጠሩ። አተሩ የት እንደተከመረ፣ ባቄላው የት እንደተከመረ ማንም ሳያብራራ ይታያል። አሸናፊውን ብቻ አታውጁ። ልዩነቱ ላይ ተወያዩ። ማየት ለተሳነው ሰው ዕቃዎቹን በእጁ ያስነኩት፣ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይግባ።

ምግብ፣ አበልና ፊርማ

እዚህ ላይ የተሳሳተ ሁሉንም ያበላሻል። አንድ ፍየል አርዶ ለሁሉም ያቀረበ አዘጋጅ አውቃለሁ። ግማሹ ሰው እንጀራ በቃሪያ በልቶ ተነሳ። ማንም አልተናገረም፣ ሁሉም ግን አወቀ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን መፍትሔ ያውቀዋል፦ ወይ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፤ ወይ ለሁሉም የጾም ምግብ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይዘርጋና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ። አብሮ መብላት የምክክሩ ግማሽ ነው።

አበልን በተመለከተ ለቢሮው ሰው አበል፣ ለገበሬው ሻይ ማለት ያው መልእክቱ ይታወቃል። የትራንስፖርትና የዋለበት ዋጋ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ መጠኑ በጥሪው ቀን ይነገር፣ በእጅ ይሰጥ። ሕፃን ይዛ ለምትመጣ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ቅጠሩ።

ፊርማ ላይ ተጠንቀቁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ የሚጨንቀው ሰው አለ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ከመፈረም በፊት አንብቡለት። ፎቶም እንዲሁ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ "አይ" ያለውን አታግባቡ።

ካለቀ በኋላ

ሃያ ገጽ ሪፖርት ለለጋሹ ይሂድ። ለሕዝቡ ደግሞ አንድ ገጽ፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ቅሬ በሚቀመጥበት ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ። በደብዳቤ መላክ ወይም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከዚህ ያነሰ ድካም አለው፣ ግን እርማት አያመጣላችሁም። ባለፈው ያነበብኩ ጊዜ "የሣር አጨዳው ማክሰኞ ማክሰኞ ይሆናል" የሚል ነበረበት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። "ኸረ ልጄ፣ ሐሙስ ነው ያልነው። ማክሰኞ ወፍጮ እንሄዳለን።" እስክሪብቶ አወጣሁና ማክሰኞን ሰርዤ ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ገጹን ከመጀመሪያው አነበብኩት።